ግድቡን አንስቼ መጣሁ፣ ፎቶው ላይ ግን የበር ደፍ መሰለ

የሐረጎ ጉም (ኮምቦልቻ)፣ እሑድ ማታ

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ? ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ያው የምታውቁት ነው። ጥር ላይ አንድ የጉብኝት ቡድን ወደ ህዳሴ ግድብ ሲሄድ «ፎቶውን አንቺ ታነሺልናለሽ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አሶሳ በአውሮፕላን፣ ከአሶሳ ወደ ጉባ በአውቶቡስ። ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ እኔ ዓይኔን አልከደንኩም። ካሜራዬን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር።

ስንደርስ አጠገቤ የነበሩ እናት እልል አሉ። አንድ አባት ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቆሙ። አውልቁ ያላቸው የለም። እኔም ሆዴ ባባ። ከዚያ በቃ ማንሳት ነው። በሁለት ቀን 412 ፎቶ።

ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ግድቡ የለም! አለ፣ ግን የበር ደፍ መስሏል። ከላይ ነጭ ሰማይ፣ ከታች ድንጋይና ቁጥቋጦ፣ መሃል ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር። እዚያ ቆሜ ያየሁት ያ ሁሉ ግርማ የት ገባ?

የያዝኩት 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ነው። ሙሉው እንዲገባልኝ ሌንሱን በጣም ሰፊ የሚያሳየው 18 ላይ አድርጌ ከሩቅ ነው ያነሳሁት። ብዙው እኩለ ቀን ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ምናምን ፎቶዎች ደግሞ ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ፤ ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ ያነሳኋቸው ናቸው።

ቡድኑ መጋቢት 24 ግንባታው የተጀመረበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ትንሽ የፎቶ ዐውደ ርዕይ ሊያሳይ አስቧል። 20 ፎቶ መርጬ ማሳተም አለብኝ። ከ412ቱ 5 እንኳ አላገኘሁም። ምን ይሻለኛል?


ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

እህቴ አብሽሪ። አንቺ ቢያንስ ሄደሽ አይተሻል፣ እኛ በቴሌቪዥን ነው። ሙሉው የሚታይበትን አንዱን ለጥፊልን እስቲ። ደፍም ቢመስል የእኛ ደፍ ነው።


የጨለማ ክፍል (ደሴ)

ልጄ እንኳን በሰላም ተመለስሽ።

ስህተቱ የካሜራሽ አይደለም። ሠርግ ትሠሪያለሽ አይደል? ሙሽሪትን ከነሚዜዎቿ፣ ከነድንኳኑ፣ ከነመኪናው ከመንገድ ማዶ ሆነሽ ብታነሺያት ፊቷ ይታያል? አይታይም። ሠርግ ላይ ይህን ጠንቅቀሽ ታውቂዋለሽ። ግድቡ ጋ ስትደርሺ ግን ደነገጥሽና ሁሉንም በአንድ ፎቶ ልያዝ አልሽ። ማንም ያደርገዋል።

እኔ ልጅ ሆኜ የደሴያችንን ጦሳ ተራራ ከፒያሳ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ። ያኔ ፊልም ነው፣ አንዱ ጥቅል 36 ብቻ ነው፣ እያንዳንዷ ገንዘብ ናት። አጥቤ ሳየው ጦሳ የለም። የሆነ ጉብታ ነው። ተናደድኩና ተውኩት። በኋላ አንድ ጠዋት እንጨት የጫኑ ሦስት አህዮችና አንዲት ሴት ከገደሉ ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ ሲወርዱ አየሁ። ተራራው ጫፍ ድረስ አልገባም፣ ከላይ ተቆርጧል። ሴትዮዋ ደግሞ የጥፍር ያህል ናት። ያን ፎቶ ያየ ሁሉ ግን «አቤት ጦሳ!» ይላል።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ከ412ቱ ውስጥ ሰው፣ መኪና ወይም ሌላ መጠኑን የምናውቀው ነገር ከግድቡ ጋር የገባበት አለ? በተለይ ግድቡ ስለተቆረጠ የጣልሻቸውን ተመልሰሽ እያቸው።


ኮንክሪት (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ በቁጥር ላስረዳ፣ ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ።

ዋናው ግድብ ከፍታው 145 ሜትር ነው። ርዝመቱ 1,780 ሜትር። ቁመቱን ለርዝመቱ ስታካፍዪው አንድ ለአስራ ሁለት ይሆናል። ማለትም ግድቡ በቅርጹ ረጅም ቀበቶ ነው። ከፍተኛ የሆነው ከእኛ አንጻር እንጂ ከራሱ ርዝመት አንጻር አይደለም።

አሁን ያንቺን ካሜራ እንውሰድ። 18 ላይ ሆነሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲገባልሽ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ አለብሽ። ፎቶሽ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ግድቡ 6000ውን ወርድ ሙሉ ቢይዝ ቁመቱ 490 ፒክስል ገደማ ነው የሚሆነው። ከፎቶው ቁመት አንድ ስምንተኛ! የቀረው ሰባት እጅ ሰማይና ድንጋይ ነው። ከግድቡ ሥር የቆመ ሰው ደግሞ 6 ፒክስል ብቻ ነው። ስድስት። ዓይን የሚለካበት ነገር አጣ ማለት ነው። የበር ደፍ ቢመስልሽ አይገርምም።

እዚያ ቆመሽ ትልቅ የመሰለሽ አንገትሽን ስላዞርሽ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስታይ ጊዜ ወስዶብሻል። ካሜራ አንገት የለውም።

ሌላም አለ። ግንቡ የተሠራው በአርሲሲ ነው። ደረቅ ያለ ኮንክሪት በመኪና ይመጣል፣ ይነጠፋል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል፣ ከላዩ ሌላ ንብርብር ይነጠፋል። እንጀራ በሞሰብ ላይ እንደሚደረደረው። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ እነዚያ አግድም መስመሮች ጥላ ይይዛሉ፣ ግንቡም ሥጋ ያወጣል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ከአናት ስለሆነች ሁሉም ልሙጥ ግራጫ ነው። ብርሃኑ ከጎን የመጣበት አንድ ጥሩ ፎቶ ካለሽ ቅርብ አድርገሽ ቁረጪው። መስመሮቹ ራሳቸው ያወራሉ።


ቧንቧ ውሃ

ወንድሜ ኮንክሪት፣ ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን እኔ አንድ ነገር ልቃወም።

አባቴ መምህር ነበር። በ2003 ግድቡ ሲጀመር እንደ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደሞዙን ሰጠ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ። ያን ዓመት እናቴ ለበዓል አዲስ ነጠላ አልገዛችም። አባቴ ግድቡ ሲመረቅ ሳያይ አረፈ። እናቴ አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው ትፈልጋለች፣ ከአባቴ ፎቶ ጎን። እሷ የግንብ ቁራጭ አይደለም የምትፈልገው። ከዳር እስከ ዳር ሙሉውን ነው። የከፈልንበት ሙሉው ነው። «ቁረጪው» ስትሏት እኔ ከበደኝ።


የጨለማ ክፍል

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማርልን። ልክ ብለሃል፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት። ለሳሎን የሚሰቀለውና ለዐውደ ርዕይ የሚሆነው ይለያያል። የእናትህ ሙሉው መሆን አለበት። ኮንክሪት፣ ሙሉውን አስውቦ ለማንሳት ዘዴው ምንድነው? እኔ በፊልም ጊዜ ሁለት ፎቶ በሙጫ እያያያዝኩ ነበር፣ ስፌቱ ሁልጊዜ ያስታውቃል።


ኮንክሪት

ይቅርታ ወንድሜ። እኔም ያንን ስሜት አጥቼው አይደለም፣ ተማሪ ሆኜ ለግድቡ ገንዘብ በሚሰበሰብበት 8100 ላይ መልእክት እልክ ነበር።

ሙሉው የሚነሳው በፓኖራማ ነው፣ ብዙ ፎቶ ጎን ለጎን ገጣጥሞ ማለት ነው። ሌንሱን 50 ላይ አድርጊ። ካሜራውን በቁሙ ያዢ፣ ልክ ጉርድ ፎቶ እንደምታነሺው። ከዚያው ከ1.4 ኪሎ ሜትሩ ቦታ ሆነሽ ከግራ ጀምሪ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ያለፈውን አንድ ሦስተኛ ይድገም። 7 ወይም 8 ፎቶ ይበቃሻል። ብርሃኑንም ፎከሱንም በእጅ ቆልፊው። አውቶ ከተውሽው አንዱ ፎቶ ጠቆር ሌላው ነጣ ይላል፣ ስፌቱም ያኔ ያስታውቃል። ትራይፖድ ከሌለሽ ወገብሽን ሳይሆን ካሜራውን ማዕከል አድርገሽ ዙሪ።

ሲገጣጠም ግድቡ ወደ 16,700 ፒክስል ርዝመት ይኖረዋል። ሰውዬው ከ6 ወደ 16 ፒክስል ያድጋል። ጥርት ብሎ 1 ሜትር ከ40 ሆኖ ይታተማል። ከሶፋ በላይ ልክ ነው። ላይና ታች ያለውን ሰማይና ድንጋይ ቁረጪው፣ ቀጭን ረጅም ይሁን። ለሳሎንም ያምራል።


የሐረጎ ጉም

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። 6 ፒክስል የሚለውን ሳነብ ሳቅም እንባም መጣብኝ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ሳላስበው ከአንድ ቦታ ሆኜ ከግራ ወደ ቀኝ የደረደርኳቸው ፎቶዎች አሉኝ። 35 ላይ ነው፣ በአግድም። ልሞክራቸው። ቧንቧ ውሃ፣ ከተሳካ የመጀመሪያው ኅትመት የእናትህ ነው። ብር አልቀበልም።

የጭጋጉን ነገር ማን ይነግረኛል?


ኮንክሪት

እሱ ቀላል ነው። አውቶቡሱ ኤሲ ነበረው አይደል? ካሜራው ቀዝቅዞ ወጣ፣ ውጪው ሞቃት ነው። ሌንሱ ላይ ጠል ሳይዝ አልቀረም። ክረምት ከሐረጎ ብርድ ወደ ቤት ስትገቢ መነጽር እንደሚያላብሰው ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነን፣ ኮምቦልቻ 1,850። እዚያ የሐይቁ ወለል ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው። ሌላ አየር ነው። ካሜራውን ከመውረድሽ በፊት ቦርሳ ውስጥ ዝጊው፣ ከወረድሽም በኋላ ሳትከፍቺ 20 ወይም 30 ደቂቃ ጠብቂ። መጥረግ አይጠቅምም፣ ተመልሶ ይመጣል።

እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ ስትስቢ ደግሞ ምስሉ እንደ ውሃ ይዋልላል። ያ ከድንጋዩ የሚነሳው ሙቀት ነው። እሱን ውድ ሌንስም አያድነውም። ማለዳ መነሳት ብቻ። በዚያ ላይ ጥር ቆላው ሣሩ የሚቃጠልበት ወቅት ነው። ነጭ ሰማይ ያልሽው ግማሹ ጭስ ሳይሆን አይቀርም።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

እኔ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው። የግቢያችን ተማሪዎች ለጉብኝት ሊሄዱ ነው ተብሏል። በስልክ አይሆንም?


የጨለማ ክፍል

ይሆናል እንጂ ልጄ። በጣት እየዘረጋሽ አታቅርቢ፣ ያ ማቅረብ ሳይሆን ማደብዘዝ ነው። በእግርሽ ቅረቢ፣ ወይም ቅርብ ያለ ነገር ፈልጊ። ጓደኛሽን ከፊት አቁሚና ፊቷን ወደ ግድቡ ታዙር። ሁሉም ወደ ካሜራ ዞሮ ፈገግ የሚልበት ፎቶ ሞልቷል። ጀርባዋን አንሺ። ያየ ሰው እሷ የምታየውን ያያል።

ውሃ ማንሳት ከፈለግሽ ከመሄድሽ በፊት ሐይቅ ከተማ ያለው ሐይቅ ሂጂና ተለማመጂ። ቅርባችን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሺ። ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ወፎቹም ገና አልበረሩም። 3 ሰዓት ላይ ነፋሱ ይነሳና ሁሉም ያበቃል።


ኮንክሪት

ሐይቅ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቃችን ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር። ሰማንያ የእኛ ሐይቅ ማለት ነው! 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ያ ሁሉ በዋናው ግንብ ብቻ አልተያዘም። በግራ በኩል 5 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኮርቻ ግድብ አለ። 50 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሙሌት ነው። ጎብኚ ሁሉ ዋናውን ያነሳና ኮርቻውን ይረሳዋል። ኮርቻው ባይኖር ውሃው በዚያ ዝቅተኛ ቦታ ያመልጥ ነበር። የሐረጎ ጉም፣ ኮርቻውን አንስተሻል?


የሐረጎ ጉም

አላነሳሁም። የኮረብታ መንገድ መስሎኝ በአውቶቡስ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ቆጨኝ።

ሐይቁን ግን አንስቻለሁ። ኮረብቶቹ ደሴት ሆነዋል። አንድ ቦታ የዛፍ ጫፍ ብቻ ከውሃው ወጥቶ አንዲት ነጭ ወፍ ቆማበታለች። እሱን ወድጄዋለሁ።


አወያይ

ውይይቱ ደስ ይላል፣ ቀጥሉ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ለጉብኝት የምትሄዱ ሰዎች ምን ማንሳት እንደተፈቀደ ከአስጎብኚው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድሮን የሚባል ነገር ያለ ፈቃድ አይታሰብም። የግድቡ የአየር ክልል በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለበረራ መዘጋቱንም አስታውሱ። ጥበቃዎች፣ ፍተሻ ጣቢያና የማመንጫው ውስጣዊ ክፍሎች ያሉበትን ፎቶ እዚህ አትለጥፉ።


ቧንቧ ውሃ

እውነት ነው። እኔ ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ፣ አንድ ድልድይ ላይ ሳልጠይቅ አንስቼ ሙሉ ቀን ያነሳሁትን አስጠፉኝ። የእህቴ ልጅ ልደት ፎቶም አብሮ ጠፋ። ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንድ ቃል መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው።


ኩታበሬ (ኩታበር)

ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ዛሬ ግን ልጻፍ አልኩ። የግብርና ባለሙያ ነኝ።

ሁላችሁም የምታወሩት ጉባ ስላለው ግድብ ነው። ዙሪያውን ስትሉም የጉባን ዙሪያ ነው። እኔ ግን የግድቡ ዙሪያ ከእኛ ጓሮ ይጀምራል እላለሁ። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም።

ኩታበር ላይ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ሁለት ቦታ ይከፈላል። በአንድ ወገን የወረደው ቦርከና ይገባል። ቦርከና ደሴን አቋርጦ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ያልቃል። በሌላው ወገን የወረደው በሽሎ ይገባል። በሽሎ መቅደላን ወደ ጎን ትቶ ወደ ምዕራብ ይሄድና አባይ ይገባል። አባይ ደግሞ የት እንደሚሄድ አሁን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአንድ ደመና ውሃ ነው። አንዱ ጠብታ አፋር፣ ሌላው ጉባ።

ውሃው ብቻውን አይሄድም። ክረምት በሽሎን ያየ ያውቃል፣ ቡና በወተት የመሰለ ነው። ያ የእኛ ማሳ አፈር ነው። ድሮ ሱዳንና ግብፅ ነበር የሚወርደው። አሁን አብዛኛው ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። አፈሩ በበዛ ቁጥር የውሃው ቦታ ይጠባል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን የሚሠራው፣ ጎርፍ በቆፈረው ቦረቦር ላይ አፈር የሚይዝ የድንጋይ ክትር የሚክትረው። ገበሬው በመጀመሪያ የሚሠራው ለራሱ ማሳ ነው። ግን ክትሩ የያዘው አፈር ሐይቁ ውስጥ አይገባም።

የሐረጎ ጉም፣ 20 ፎቶ ካስፈለገሽ ጉባ ድረስ ተመልሰሽ መሄድ የለብሽም። ከደሴ ኩታበር 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በልግ እየገባ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ነይ፣ እኔ አሳይሻለሁ።


የጨለማ ክፍል

ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ ይህን አላሰብኩም። ስንት ጊዜ ኩታበር ለሠርግ ሄጃለሁ! በዚያ ሸንተረር ላይ ቆሜ ሙሽራ አንስቻለሁ። በግራና በቀኝ የሚወርደው ውሃ የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።

ልጄ ሂጂ። እግሬ ቢፈቅድልኝ አብሬሽ እሄድ ነበር።


ኮንክሪት

ኩታበሬ፣ አመሰግናለሁ። እኔም ደለል የሚለውን በትምህርት ቤት ቀመር ብቻ ነው የማውቀው። ምሳሌም አለን፣ የቆቃ ግድብ። እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽ ላይ ተሠርቶ፣ ሐይቁ ውስጥ የተኛው ደለል ዛሬም ድረስ ራስ ምታት ነው።


የሐረጎ ጉም፣ ከ9 ቀን በኋላ

ጀመዓ፣ ተመለስኩ። ብዙ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ፓኖራማው። 11 ፎቶ ገጠምኩ። በስተቀኝ በኩል አንዱ ቦታ ትንሽ ተዛንፎ ነበር፣ አስተካከልኩት። እንደ ኮንክሪት ስሌት 16,700 ፒክስል አልመጣም፣ ግን 1 ሜትር ሆኖ ጥርት ብሎ ታትሟል። ትናንት ለቧንቧ ውሃ ሰጥቼዋለሁ።

ሁለተኛው። ጋሼ፣ የጣልኳቸውን ተመልሼ አየሁ። ጫማቸውን ያወለቁትን አባት አንስቻቸው ኖሯል! ከኋላቸው ነው፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነሳሁት። ከፊት ባዶ እግራቸውና አጠገቡ የተቀመጠ ጥንድ የጎማ ጫማ። ተረከዛቸው የተሰነጠቀ፣ አቧራ የለበሰ ነው። ከዚያ የነጠላቸው ጫፍ። ከኋላ ሙሉ በሙሉ ግንብ ነው። ላይ ጫፉ አይታይም፣ ግራና ቀኙም አይታይም። ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር ኮንክሪት ያላቸው መስመሮች ሁሉም ይቆጠራሉ። ያኔ «ግድቡ አልገባም» ብዬ ነው የጣልኩት። በቡድኑ አስተባባሪ በኩል ስልካቸውን አግኝቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። «እግሬን ነው እንዴ ያነሳሽው?» አሉ። አዎ አባባ ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ለእኔም አንድ አውጭልኝ» አሉኝ።

ሦስተኛው ኩታበር። ቅዳሜ ሌሊት ዘነበ፣ እሑድ ማለዳ ሄድኩ። ኩታበሬ ሸንተረሩ ላይ አቆመኝና በእጁ አሳየኝ። ይሄ ለአዋሽ፣ ያ ለአባይ። መሃሉ የበግ መንገድ ነው። ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ በሽሎ በኩል ወርደን ቦረቦሩ ጋ ደረስን። ከላይ እስከ ታች በደረቅ ድንጋይ የተሠሩ ክትሮች አሉ። ትልቁ እዚህ ደረቴ ድረስ ነው። ከጀርባው ጥቁር እርጥብ አፈር ሞልቶ ልሙጥ ሆኗል። ሣር በቅሎበታል። በድንጋዮቹ መሃል ቀጭን ውሃ ይወርዳል፣ ጥርት ያለ ነው። ጎን ላይ ያለው ያልተከተረው ቦረቦር ግን ጭቃ ነበር የሚያወርደው። በአንድ ፎቶ ሁለቱም ገብተዋል፣ ሳላቀናብር።

አንዲት ልጅ ማሰሮ ይዛ ክትሩ ላይ ወጥታ ቆመች። እናቷን አስፈቅጄ አነሳኋት። ግድቡ ከወገቧ በታች ሆነ፣ ልጅቷ ከግድቡ በላይ።


ኩታበሬ

እናቷ ያቺን ክትር ከሠሩት አንዷ ናት። ያን ቀን ሳልነግርሽ ረሳሁ። የፎቶው ጽሑፍ ላይ ብታስገቢው ደስ ይለኛል፣ ስሟን ሳይሆን ሥራዋን።


የሐረጎ ጉም

አስገባዋለሁ። ፎቶዎቹም 20 ሞሉ። 9ኙ ጉባ፣ 7ቱ ኩታበርና በሽሎ በኩል፣ 4ቱ ሰው ብቻ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የአባትዬውን እግርና የልጅቷን ክትር ጎን ለጎን ልስቀል ወይስ አዳራሹ ሁለት ጫፍ ላይ?


የጨለማ ክፍል

ጎን ለጎን። እኩል መጠን አድርጊያቸው። ከዓይን ከፍታ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ስቀዪ፣ ሕፃናትም እንዲያዩ። መብራቱ ከመስታወቱ እንዳያንጸባርቅ ደግሞ ከጎን ይምጣ። ቅዳሜ ፎቶ ቤትሽ እመጣለሁ፣ ፍሬሙን አብረን እንቆርጣለን።


ቧንቧ ውሃ

ሰቅለነዋል። እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው፣ ገና ከኅትመት የወጣውን። ከዚያ በጣቷ ከግራ ጫፍ ጀምራ እስከ ቀኝ ጫፍ ሄደች። «የቱ ጋ ይሆን የእሱ?» አለች። ኮንክሪት ወንድሜ፣ መልስ ካለህ ንገረኝ፣ እኔ የምላት አጣሁ።


ኮንክሪት

ከታች ነው በላት፣ ከውሃው አጠገብ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብር የገባው እዚያ ነው፣ መሠረቱ ላይ።